የአራት ዓመት ልጅ በእርሳስ አይመዘንም

ክረምት ሲገባ በአዲስ አበባ የግል አፀደ ሕፃናት ግቢዎች የምዝገባ ወሬ ይነሣል። ወላጆች ኮሪደር ላይ ተሰልፈው ይቆማሉ፤ ልጆቻቸው አንድ በአንድ ወደ ቢሮ ይጠራሉ። ጠረጴዛው ላይ ነጭ ወረቀትና የተቀረጸ እርሳስ ተቀምጧል። “ስምህ ማነው? ስንት ዓመትህ ነው? እስቲ ኤ ጻፍልኝ። ሀ ጻፍልኝ።” ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም። ልጁ ሲወጣ መምህሯ ወረቀቱ ጥግ ላይ ምልክት ታደርጋለች፤ በዚያች ምልክት ልጁ ወይ ይገባል ወይ ይመለሳል።

ምልክት አድራጊዋ እኔ ነበርኩ። ዘጠኝ ዓመት ኬጂ አስተምሬያለሁ፤ አምስቱን ክረምት ከዚያ ጠረጴዛ ጀርባ ተቀምጬ ልጆች ፈትኛለሁ። ብዙ ወላጆች፣ ብዙ ርእሳነ መምህራንም “ቀድሞ የጻፈ ልጅ ጎበዝ ነው፣ ያልጻፈ ገና ነው” ብለው ያምናሉ፤ እኔም አምኜበት ነበር። አሁን ግን አፌን ሞልቼ የምናገረው ይህንን ነው፦ ለአራት ዓመት ልጅ “ፊደል ጻፍ” ብሎ ፈተና መስጠት ስለ ልጁ እጅ ምንም አይነግረንም። የሚነግረን ቤት ውስጥ አስጠኚ እንደነበረውና እንዳልነበረው ነው። በዚህ ፈተና ልጅን ከበር መመለስ ደግሞ ግፍ ነው።

ሁለት ልጆች ከአእምሮዬ አይጠፉም። በአንድ ጠዋት ነው ያየኋቸው። አንደኛው አራት ዓመት ከሁለት ወር የሆነው ወንድ ልጅ ነበር። እርሳሱን እንደ ዘነዘና በሙሉ መዳፉ ጨበጠው። ኤ በለው፣ ሀ በለው፣ አንዱንም አልጻፈም፤ አንድ ረጅም መስመር ወደ ታች ጎተተና አጠገቡ ክብ ነገር አዞረ፤ “ኳስ ነው” አለኝ። ወረቀቱ ላይ ኤክስ አደረግሁ። ቀጣዩን ልጅ ልጠራ ስወጣ ያ ልጅ ከእናቱ ጋር አግዳሚው ላይ ተቀምጧል፤ በወረቀት የተጠቀለለ ለውዝ ጭኑ ላይ አለ። አንዱን አነሣና ገለባውን በአውራ ጣቱና በጠቋሚ ጣቱ ቀጭ አደረገው፤ ፍሬውን አወጣ፤ ቀዩን ስስ ልጣጭ በጣቶቹ መካከል አሸት አሸት አድርጎ እፍ አለበትና ፍሬዋን ታናሽ እህቱ መዳፍ ላይ አስቀመጠ። ግራ እጁ የወረቀቱን ጥቅል እንዳይፈታ ይዟል። አንዲት ፍሬ አልወደቀችበትም።

ሁለተኛዋ ልጅ ከኤ እስከ ዜድ ሳታቋርጥ ጻፈች፤ ፊደሉንም እስከ በ ድረስ አስከተለች። ሙሉ ነጥብ ሰጠኋት። ርእሰ መምህሩ ወረቀቷን ለሌሎች ወላጆች አሳየ። እኔ ግን አይቼ እንዳላየሁ ያለፍኩት ነገር ነበር፦ አራቱን ጣቶች በእርሳሱ ላይ ጠቅልላ አውራ ጣቷን ከላያቸው አጥፋ ነበር የያዘችው፤ ጥፍሮቿ ነጭ እስኪሆኑ ትጫናለች፤ ወረቀቱ ሁለት ቦታ ተቀዷል፤ ግንባሯ ጠረጴዛውን ሊነካ ምንም አልቀረው። ስትጨርስ የሹራቧን ቁልፍ መቆለፍ አቅቷት እኔ ቆለፍኩላት። አንደኛ ክፍል ገብታ ከሰሌዳ መገልበጥ ሲበዛባት “እጄን አመመኝ” እያለች ታለቅስ እንደነበር በኋላ ሰማሁ። ሰነፈች ተባለች።

ልዩ እርዳታ የሚያስፈልጋትን አሳለፍኩ፤ የማያስፈልገውን መለስኩ። ይህ የእኔ ብቻ ስሕተት ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ አልጽፍም ነበር። መሣሪያው ራሱ የተሠራው ለዚህ ስሕተት ነው፤ ምክንያቱም የሚያየው ወረቀቱን ነው፤ እጁን አያይም።

እጅ እንዴት እንደሚያድግ እንመልከት። የእጅ አንጓ ስምንት ትናንሽ አጥንቶች አሉት። ልጅ ሲወለድ አንዳቸውም ገና አጥንት አልሆኑም፤ ልም ናቸው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ሁለቱ መጠንከር ይጀምራሉ፤ ሌሎቹ በዓመታት ውስጥ ተራ በተራ ይከተላሉ። የመጨረሻዋ፣ አተር የምታህለው፣ ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ባለው ጊዜ ነው የምትጠነክረው። የእርሳስ አያያዝም እንደዚሁ በደረጃ ነው የሚመጣው። ሕፃን መጀመሪያ በጡጫ ይይዛል፤ ቀጥሎ በጣቶቹ ይዞ ክንዱን በሙሉ ያንቀሳቅሳል፤ ሦስት ዓመት ተኩል ወይም አራት ገደማ በሦስት ጣት መያዝ ይጀምራል፤ ጣቶቹን ብቻ እያንቀሳቀሰ መጻፍ የሚችለው ግን ከአራት ተኩል እስከ ስድስት፣ አንዳንዱም ሰባት ዓመት ሲሆነው ነው። ያ ልጅ በጡጫ የያዘው የሚዘገይ ልጅ ስለሆነ ላይሆን ይችላል። ቤታቸው እርሳስ ስለሌለስ ቢሆን? አልጠየቅሁም።

ቅርጾችም ተራ አላቸው። ኪት ቢሪና ኖርማን ቡክቴኒካ እ.ኤ.አ. በ1967 ያሳተሙት፣ ዛሬም በዓለም ዙሪያ የሚሠራበት የቅርጽ መገልበጥ መመርመሪያ የቆመው በዚህ ተራ ላይ ነው። ወደ ታች የሚወርድ መስመር በሁለት ዓመት ገደማ ይመጣል፤ ክብ በሦስት፤ መስቀል በአራት፤ ካሬ ትንሽ ቆይቶ። ዘመም ያለ መስመር በአራት ዓመት ተኩል ገደማ ነው፤ ሦስት ማዕዘን አምስት ዓመት ካለፈ በኋላ። እንግዲህ እኛ ለአራት ዓመት ልጅ መጀመሪያ የምናዝዘውን ፊደል እዩት። የእንግሊዝኛው ትልቁ ኤ ሁለት ዘማማ መስመር አናት ላይ ተገናኝተው መሐላቸው የተጋደመ መስመር ያለበት ነው። ልጁ ገና ያልደረሰበትን ቅርጽ የመግቢያ በር አድርገንበታል። “ኳስ ነው” ያለኝ ልጅ ወደ ታች መስመርና ክብ አሳይቶኛል፤ ዕድሜው ከሚጠይቀው ብዙ አልራቀም።

በእኛ ፊደል ደግሞ ጉዳዩ ይበልጥ ይወሳሰባል፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ፊደላችን በሠላሳ ሦስት ቤት ሰባት ሰባት እየሆነ 231 ቅርጽ አለው። የምንቆጥርበት ተራ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ የአባቶች ተራ ነው፤ ለቃል ጥናት ተስማሚ ነው፤ የእጅ ተራ ግን አይደለም። ለእጅ ቢሆን ኖሮ ክቧ ዐ ከፊት ትመጣ ነበር፤ በተራዋ ግን ሃያኛ ናት። መስቀል የምትመስለው ተ አሥራ አንደኛ ናት። ዘማማ እግር ያላት ለ ግን ሁለተኛ ላይ ቆማ ልጁን ትጠብቃለች። ከዚያ ሉ እና ሊ ይመጣሉ፤ ልዩነታቸው አንዲት ትንሽ ጭረት ወገብ ላይ ወይስ እግር ላይ ናት የሚለው ብቻ ነው። ያችን ጭረት ቦታዋ ላይ ማስቀመጥ የጣት ጫፍ ቁጥጥር ይጠይቃል። ከውጭ የመጣ የላቲን ፊደል ሠንጠረዥ ይህንን አያውቅም፤ እኛም የምናውቀውን ትተን የእነሱን እንገለብጣለን።

“ድሮም ልጅ በአራት ዓመቱ ፊደል ይቆጥር ነበር” የሚሉኝ አሉ። አዎ፣ ይቆጥር ነበር። ግን እርሳስ ይዞ አልነበረም። በየኔታ ጥላ ሥር የተቀመጠ ልጅ በስንደዶ ፊደሉን እየጠቆመ ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ እያለ በድምፅ ነበር የሚወርደው። ቀጥሎ አቡጊዳ፣ ቀጥሎ ንባብ፣ ከዚያ ዳዊት መድገም። መጻፍ ሌላ ሙያ ነበር። ብራና መዳመጥ፣ ቀለም መበጥበጥ፣ መቃ ቀርጾ ብርዕ ማውጣት፣ ቁም ጽሕፈት መለማመድ እጁ ከጠና በኋላ፣ ለዚያውም ለፈለገና ለተመረጠ ተማሪ ነበር የሚመጣው። ዳዊት የደገመ ስንቱ ሰው ስሙን ሳይጽፍ ኖሯል። ለዛሬ ልጅ ይህ ይበቃዋል እያልኩ አይደለም፤ ዛሬ ሁሉም ልጅ መጻፍ አለበት። ነገር ግን ማንበብና መጻፍ በአንድ ቀን፣ በአንድ ጣት መጀመር አለባቸው የሚለው አስተሳሰብ የአባቶቻችን አይደለም። ይህ የቅርብ ጊዜ ነገር ነው፤ ከግል ትምህርት ቤት ክፍያና ከወላጅ ጉጉት ጋር የመጣ።

ስለ ጉጉቱ ወላጅን መውቀስ አልፈልግም። በየወሩ ወይም በየተርሙ ከደመወዙ ላይ ቆርሶ የሚከፍል አባት “ልጄ ምን ተማረ?” ብሎ መጠየቁ ተገቢ ነው። የሚታየው ነገር ደግሞ ደብተር ብቻ ነው። ልጁ ጭቃ ጠፍጥፎ ሲውል፣ ክር ሲያስገባ፣ ወረቀት ሲቀድ ቢውል ማታ ቦርሳው ባዶ ነው። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ በነጠብጣብ የተሣሉ ፊደሎች ያሉበትን ወረቀት አባዝቶ ልጁ በላያቸው እንዲሄድባቸው ያደርጋል፤ ወላጅ ያያል፤ ደስ ይለዋል። እኔም እንዲህ ዓይነት ወረቀት በሺህ የሚቆጠር አድዬአለሁ።

ስለ ነጠብጣቡ ግን አንድ የማይረሳ ጥናት አለ። ካሪን ጄምስና ሎራ ኤንግልሃርት በአሜሪካ ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ያደረጉት፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ነው። ገና ማንበብ ያልጀመሩ የአምስት ዓመት ገደማ ልጆችን ፊደል በሦስት መንገድ አስለመዷቸው፦ በነጻ እጅ በመጻፍ፣ በነጠብጣብ ላይ በመሄድና በኮምፒውተር ቁልፍ በመምታት። ከዚያ ልጆቹ ፊደሎቹን ሲያዩ አንጎላቸውን በምስል መሣሪያ ተከታተሉት። ለማንበብ የሚያገለግሉት የአንጎል ክፍሎች የነቁት በነጻ እጃቸው በጻፉት ፊደሎች ላይ ነበር። ነጠብጣቡ እንደዚያ አላደረገም። ልጁ ራሱ አስቦ የሚያወጣት የተጣመመች ፊደል ከመቶ ቀጥ ያለ ነጠብጣብ ትበልጣለች ማለት ነው። “ቶሎ ይጻፍ” የሚሉ ሰዎች ይህንን ጥናት ለእነሱ ማስረጃ አድርገው ያነሡታል። መጻፍ ለማንበብ ይጠቅማል የሚለው ልክ ነው፤ እኔም እቀበላለሁ። ልጆቹን የጠቀማቸው ግን ደብተራችንን የሞላው ነገር አይደለም።

“አሁን ካልጀመረ አንደኛ ክፍል ላይ ወደ ኋላ ይቀራል” የሚለውን ሥጋት ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። እ.ኤ.አ. በ1994 ዌይልና አሙንድሰን የተባሉ ሁለት ባለሙያዎች የአሜሪካ ኪንደርጋርተን ልጆችን ሲያጠኑ የቢሪን የመጀመሪያ ዘጠኝ ቅርጾች መገልበጥ የቻሉት ልጆች ፊደልም በደንብ እንደሚገለብጡ አገኙ፤ ለአብዛኛው ልጅ መደበኛ የጽሕፈት ትምህርት የሚመቸው በዚያ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ነው አሉ። ኪንደርጋርተን በእነሱ አገር አምስት ዓመት የሞላው ልጅ የሚገባበት ነው። በፊንላንድ ልጅ አንደኛ ክፍል የሚገባው በሰባት ዓመቱ ነው፤ የፊንላንድ ልጆች መጻፍ ሳይችሉ ሲቀሩ ግን ያየ የለም። በአገራችንም በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከአንደኛ ክፍል በፊት ሁለት ዓመት የቅድመ አንደኛ ትምህርት ይላል። ሁለት ዓመት ሙሉ የተሰጠው ለመዘጋጀት ነው። ተዘጋጅቶ ካልመጣ አንቀበልም የሚል የዝግጅት ትምህርት ምን ማለት ነው?

ሌላው መከላከያ የቦታ ጥበት ነው። “መቶ ልጅ ይመጣል፤ ያለን አርባ ወንበር ነው፤ በምን እንለይ?” ይህ እውነተኛ ችግር ነው። መልሱ ግን ቀላል ነው፦ በዕጣ። ኮንዶሚኒየም በዕጣ ሲወጣ ያየ ሕዝብ ዕጣ ምን እንደሆነ ያውቃል። ዕጣ የልጁን ክብር አይነካም፤ “ልጅህ አልቻለም” ብሎ እናትን አያሳፍርም። የእርሳስ ፈተና ግን ወንበር ማጣትን ወደ ልጅ ጉድለት ይለውጠዋል። “ኳስ ነው” ያለኝ ልጅ እናት እጁን ይዛ ከበሩ ስትወጣ ያየሁት ፊቷ ዛሬም ይታየኛል።

በዚህ ላይ ማን እንደሚመለስ አስቡ። አራት ከሁለት ወር የሆነው ልጅና አምስት ሊሞላው አንድ ወር የቀረው ልጅ ሁለቱም “የአራት ዓመት” ተብለው በአንድ ወረቀት ይለካሉ። መሐላቸው ያለው ዘጠኝ ወር የትንሹን ልጅ ዕድሜ አንድ አምስተኛ ሊያክል ትንሽ ነው የሚቀረው። ደግሞም በ2011 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በአገራችን ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ልጆች 37 በመቶዎቹ በምግብ እጥረት ምክንያት ቁመታቸው የቀጨጨ ነበር። በእንዲህ ዓይነት ልጅ ላይ የእጁም እድገት ሊዘገይ ይችላል። ይህ ልጅ ከሁሉም አስቀድሞ መግባት ያለበት ነበር፤ የእርሳሱ ፈተና ግን ከሁሉም አስቀድሞ የሚመልሰው እሱን ነው።

በተቃራኒው ወገን ደግሞ “ተዉት፣ ሲያድግ ይስተካከላል” የሚሉ አሉ። ከእነሱም ጋር አልስማማም። ዴቪድ ግሪስመርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት ጥናት ሕፃን ሳለ ያለው የጥቃቅን ጡንቻ ቅልጥፍና ኋላ ከሚመጣው የንባብና የሒሳብ ውጤት ጋር እንደሚያያዝ አሳይተዋል። ከመቶ ልጆች አምስት ወይም ስድስቱ የእንቅስቃሴ ቅንጅት ችግር አለባቸው፤ ቁልፍ መቆለፍ፣ መቀስ መያዝ፣ መጻፍ ዕድሜያቸው ከሚጠይቀው በላይ ይከብዳቸዋል። በአርባ ልጅ ክፍል ውስጥ ሁለት ልጅ አለ ማለት ነው። እነሱን ማወቅ አለብን። ይህንን ችግር የሚያጠኑ ሐኪሞች ግን ከአምስት ዓመት በፊት ቁርጥ ያለ ስም መስጠትን በአብዛኛው አይመክሩም፤ የልጅ እጅ በአንድ ዓመት ውስጥ የሚያደርገው ለውጥ ብዙ ስለሆነ። ሐኪም የሚቆጠብበትን ፍርድ የምዝገባ መምህር በአምስት ደቂቃ ትሰጣለች።

ስለዚህ ልየታ ይኑር እላለሁ፤ ከበሩ ውጭ ግን አይሁን። ልጁ ገብቶ፣ ክፍሉን ለምዶ፣ የመምህሯን ስም ከያዘ በኋላ፣ ከሁለት ወይም ከሦስት ወር በኋላ ይደረግ። ፊደልም አይጠየቅ። የማየውን አውቃለሁ፤ አሁን ብመለስ የማደርገውን ልንገራችሁ። ምስር በሳህን አስቀምጬ ጠጠሩን አስለቅመዋለሁ፤ በጣት ጫፍ ያነሣል ወይስ በእጁ ይዝቃል? ዶቃ በክር ያስገባልኝ፤ አንዱ እጅ ይዞ ሌላው ይሠራል ወይስ ሁለቱም ይደናበራሉ? ሳንቲም በጠባብ ቀዳዳ ይክተት፤ ይህንን በውጭ አገር የታወቁ መመርመሪያዎችም ይጠቀሙበታል። ቅልልቦሽ ሲጫወት ጠጠሩን ቀልቦ ይይዛል? ሹራቡን ራሱ ይቆልፋል? ወንበር ላይ ሲቀመጥ ጀርባው ይቆማል ወይስ ጠረጴዛው ላይ ይተኛል? ወረቀቱን ወደ ዓይኑ ምን ያህል ያስጠጋል? ያቺ ሙሉ ነጥብ የሰጠኋት ልጅ ያስፈለጋት ምናልባት መነጽር ነበር።

የትኛውን እጅ እንደሚመርጥም መዝግቤ እይዛለሁ። ከአሥር ልጅ አንዱ ገደማ ግራኝ ነው። “በቀኝህ” እየተባለ ጣቱን የተመታ ግራኝ ልጅ በፈተናው ቀን የማይሠራ እጅ ይዞ ይቀርባል፤ ውጤቱም የእጁ አይደለም፤ የእኛ ነው።

እንዲህ ያለውን ልየታ ከራሳችን ሕይወት ተነሥቶ መሥራት እንደሚቻል ጅማ ላይ ታይቷል። ዴንቨር የሚባለውን የሕፃናት እድገት መመርመሪያ ተመራማሪዎች ለጅማ አካባቢ ልጆች ሲያስተካክሉ ለልጆቹ እንግዳ የሆኑትን ጥያቄዎች በሚያውቁት ነገር ለወጡ፤ ዕድሜውንም ከራሳቸው ልጆች ለኩ። እ.ኤ.አ. በ2016 ታትሟል። በአንዳንዱ ነገር የጅማ ልጅ ከዴንቨር ልጅ ይቀድማል፤ በአንዳንዱ ይዘገያል። የሌላ አገር ሠንጠረዥ ተርጉሞ በልጅ ላይ መፍረድ ስሕተት መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር የለም። በጎንደር ዩኒቨርሲቲም የኦኪዩፔሽናል ቴራፒ ባለሙያዎች መሠልጠን ጀምረዋል፤ የእጅን ነገር ከሁሉ በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ትምህርት ቤቶች ይጥሯቸው፣ መምህራንን ያሠልጥኑ።

ተለይቶ እርዳታ የሚያስፈልገው ልጅ ሲገኝ መጀመሪያ የሚደረገው ነገር ገንዘብ አይጠይቅም። ሊጥ ያቡካ፣ አተር ይፈልፍል፣ ጭቃ ያድቦልቡል፣ ወረቀት ይቅደድ፣ ግድግዳ ላይ በጠመኔ ትልልቅ መስመር ያስምር። አጫጭር ጠመኔ ስጡት፤ ረጅም እርሳስ በጡጫ ይያዛል፤ ቁራጭ ጠመኔ ግን በጡጫ አይያዝም፤ ጣቶቹ ራሳቸው ቦታቸውን ያገኛሉ። እኔ ይህንን ያወቅሁት ሰሌዳ ጠራጊ ልጆች የተረፈ ቁራጭ ጠመኔ ለቅመው ወለል ላይ ሲሥሉ አይቼ ነው።

የከተማው ትምህርት ቢሮ ሰዎች በዚህ ክረምት በምዝገባ ሳምንት ወደ ትምህርት ቤቶች ሂዱ፤ ፋይል ከመመርመራችሁ በፊት ያንን ጠረጴዛ እዩ። መምህራን እህቶቼ፣ እርሳሱን ከጠረጴዛው ላይ አንሡት። እናንተ ወላጆች ደግሞ ልጃችሁ ጻፍ ሲባል አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ “ይህን ወረቀት የምትይዙት ልጄን ለመርዳት ነው ወይስ ለመመለስ?” ለመመለስ ከሆነ ልጃችሁን ይዛችሁ ውጡ። ልጃችሁ ምንም አልጎደለውም።